ጄሰን እምቢ አለ

አጎቴ ጄሰን የሚባል ሰው አለ ብለው አምነው፣ ሰውየውንም አምርረው ጠልተውት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ፣ ሰሊጥ ከሂላ፣ ከነዶ ክምሩ፣ ተራግፎ በጆንያ በሚገባበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን መተማ ዮሐንስ ከተማነቷን ትታ መጋዘን ትሆናለች። ሰው ሁሉ በኩንታል ያስባል፣ በኩንታል ይበደራል፣ በኩንታል ይኳረፋል። እኔ ያኔ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር መረጃ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የማኅበሩን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱም ቢሆን አብዛኛው የራሴ ነው። ሥራዬ ማን ስንት ኩንታል እንዳለው፣ መቼ እንደተመዘነና የት እንደተቀመጠ ከትቤ ደጋ ላለው ዋና ቢሮ መላክ ነው። መረጃው ካልደረሰ መኪና አይመጣም፤ መኪና ካልመጣ ብር የለም። አጎቴ 120 ኩንታል አስመዝነው፣ ቢሯችን ደጃፍ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥተው፣ ከርከዴ እየጠጡ መጠበቅ ያዙ።

«ምን ተባለ?» ይሉኛል በመስኮት።

«ጄሰን እምቢ አለ፣ ጋሼ።»

በማግሥቱም ያው። በሦስተኛው ቀን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ገቡ። «ይሄ ጄሰን የሚሉት ፈረንጅ ምን በድዬው ነው? ሰሊጤን መጥቶ አይቶታል?»

«ሰው አይደለም፣ ጋሼ። የጽሑፍ ሥርዓት ነው።»

«ጽሑፍ ደግሞ እምቢ ማለት የጀመረው መቼ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የአንዱ ኮምፒውተር ሆድ የሌላውን አይመስልም። አንዱ የያዘውን ለሌላው ማቀበል ሲፈልግ፣ ሰውም ሊያነበው በሚችል ተራ ጽሑፍ ዘርግፎ ይልክለታል፤ ተቀባዩ አንብቦ እንደ ራሱ አኳኋን መልሶ ያስቀምጠዋል። ጄሰን የዚህ ጽሑፍ ሥርዓት ነው። ሕጉ አጭር ነው። ነገሩ ሁሉ በጥምዝ ቅንፍ ይታቀፋል። የነገሩ ስም በትምህርተ ጥቅስ ይጻፋል፣ ሁለት ነጥብ ይከተላል፣ ዋጋው ይቀመጣል፣ ሌላ ካለ ኮማ ይደረግና ይቀጥላል። «ባለቤት» ሁለት ነጥብ፣ የአጎቴ ስም። «ኩንታል» ሁለት ነጥብ፣ 120። በቃ። ከእሱ በፊት የመጣው ኤክስኤምኤል እያንዳንዱን ነገር ሲገባም ሲወጣም ስሙን የሚጠራ፣ እንደ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ ወግ የሚያበዛ ነበር። ሲኤስቪ የሚባለው ድሃ ዘመዳቸው ደግሞ ከኮማ በቀር ንብረት የለውም፤ እሱንም ኤክሴል ሲከፍተው ከስልክ ቁጥር ላይ የፊተኛዋን ዜሮ ውጦ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርን «1ኢ+12» አድርጎ ያሳያል። አጎቴ ያንን አንድ ጊዜ አይተው ገንዘባቸው የተበላ መስሏቸው ነበር።

ለእሳቸው ያስረዳሁት ግን በደብዳቤ ነው። የድሮ ደብዳቤ ሥርዓት አለው፦ ይድረስ ለእገሌ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉዳዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢ ሁሉ የት ጋ ወሬው እንደሚጀምር ስለሚያውቅ አይደናገርም። ጄሰንም እንደዚያው ነው አልኳቸው።

አጎቴ ትንሽ አሰቡ። «እናቴ በወባ ተኝታ፣ በሬያችን ሞቶ፣ ለወንድሜ የጻፍኩት ደብዳቤም ደህና ነን ነው የሚለው» አሉ።

ያን ጊዜ የሥርዓቱን ገመና በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደጨረሱት አልገባኝም። እኔ ስለ ጄሰን አባት ማውራት ጀመርኩ። ዳግላስ ክሮክፎርድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። «አገኘሁት እንጂ አልፈጠርኩትም» የሚል ሰው ነው፤ ነገሩ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ተኝቶ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረባው ጋር የመጀመሪያውን መልእክት ሲልኩ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። በመልእክቱ ውስጥ «አድርግ» የሚል ትርጉም ያላት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች፤ ቋንቋው ደግሞ ያቺን ቃል ለራሱ ያስቀመጣት ናት። ስም ሁሉ በትምህርተ ጥቅስ ይታሰር የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

«በተወለደ ቀን አባቱን እምቢ ካለ» አሉ አጎቴ፣ «እኔን ምን ቆጥሮኝ ያሳልፈኛል?»

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። እንደ ወትሮው ቢሆን ፋይሉን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ነው፤ የእኔ ሥራ ሳጥኖቹን መሙላት ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ፕሮግራሙ ታሞ ስለነበር በእጄ ጻፍኩት። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያነድ ቆላ ያደገ ሰው ችኩል ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል እየተመላለስኩ ኪቦርድ ከምቀያይር ሁሉንም በአማርኛው ጨረስኩት። ሁለት ነጥቡ የእኛው ሁለት ነጥብ፣ ኮማው የእኛው ነጠላ ሰረዝ፣ ጥቅሱም እንደ መጽሐፍ ባለ ሁለት ማዕዘኑ። ሳየው አማረኝ። የብራና ሥራ ይመስላል።

ጄሰን ግን የሚያውቀው አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዩኒኮድ ከዓለም ፊደላት ጋር ሲቆጠር እያንዳንዱ ምልክት የራሱን ቁጥር አገኘ። የእኛው ሁለት ነጥብ 4961 ሆነ፤ የፈረንጁ ከድሮም 58 ነው። ነጠላ ሰረዛችን 4963፣ የፈረንጁ ኮማ 44። ለዓይን መንትያ የሚመስሉት ለኮምፒውተር በአራት ሺህ ዘጠኝ መቶ የሚራራቁ ባዕዳን ናቸው። «ያልተጠበቀ ምልክት» ብሎ መለሰልኝ። ሁለት ነጥብ እኮ በግዕዝ ጽሑፍ ቃልን ከቃል ሲለይ የኖረ ነው፤ ያልተጠበቀ የሚባል ከሆነ የቅርቡ ሰው ጄሰን እንጂ እሱ አይደለም። ይህን ግን ለማን ይነግሩታል?

ግማሽ ቀን ሁለት ነጥብ በሁለት ነጥብ ስተካ ዋልኩ። ማታ ላክሁት። እምቢ። ከመጨረሻው ዝርዝር በኋላ አንዲት ኮማ ትርፍ ነበረች። እኛ ሰው ነን፤ ኮማ አይተን ሌላ ነገር ሊከተል ነው ብለን ጠብቀን፣ ካልመጣ ትከሻችንን ነቅንቀን እናልፋለን። ጄሰን ቃል የተገባለት ነገር ካልመጣ ግብዣውን በሙሉ ይበትናል።

በሁለተኛው ቀን ያስቸገረው የተመዘነበት ቀን ራሱ ነው። አጎቴ ያስመዘኑት ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጌ 2011-02-29 ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ጄሰንን አላማም። ጄሰን የሚያውቀው ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት፣ ሐሰት፣ ባዶ፣ እንዲሁም እነዚህ የሚደረደሩበትን ዝርዝርና ቅንፍ ነው፤ ቀን የሚባል ነገር በሕጉ የለም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳልፈዋል። ያንገራገረው ዋናው ቢሮ ያለው ተቀባይ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ወር ለእሱ ፌብሯሪ ነው፤ ፌብሯሪ ደግሞ በዚያ ዓመት 28 ላይ ያልቃል። የእኛ ጥቅምት እንደ ወንድሞቹ ሁሉ 30 መሆኑን ማን ይንገረው? ባሰበት ጊዜ ደግሞ ጳጉሜ አለች። በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ ለአረም የተሰጠ ብድር ጳጉሜ 6 ቀን ተመልሶ፣ ወር 13 ብዬ ብጽፍ ፕሮግራሙ እንደ እብድ አየኝ። የ13 ወር ፀጋ የሚለው የቱሪስት ማስታወቂያ እዚያ ቢሮ አልደረሰም።

ልብ ያላልኩት ሌላ ነገር ነበር። የአጎቴ ጎረቤት ያስመዘነው አንድ ቀን ቀድሞ፣ ጥቅምት 28 ነው። የእሱ ፋይል ያለ አንዳች ኮሽታ አለፈ። ፕሮግራሙ ፌብሯሪ 28 ቀን 2011 ብሎ አንብቦት፣ ሰውየው ሰሊጡን ከሰባት ዓመት በፊት ያስመዘነ አድርጎ መዘገበው። ትክክለኛው ቀን ተከለከለ፤ የስህተቱ ቀን ግን ቅርጹ አምሮ ስለተገኘ እጅ ተነስቶለት ገባ።

ሰዓቱንማ ባናነሳው ይሻል ነበር፤ ግን መተማ ላይ ሆኖ አለማንሳት አይቻልም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ቁሙ። በእናንተ ሰዓት 3 ነው። በቢሮው ኮምፒውተር 9 ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ፉል የሚበላው ሱዳናዊ ሰዓቱን ሲያይ 8 ነው፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2017 ኖቬምበር ወዲህ ሰዓቷን በአንድ ወደኋላ መልሳለችና። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ሲጻጻፉ የሚጠቀሙበት የዓለም ሰዓት ደግሞ 6 ይላል። ፀሐይ አንድ፣ ጅረቱ አንድ፣ ሰዓቱ አራት። የእኛው ደላላ ይህን ሁሉ ሳያደናግር በሁለት ስልክ ሲያወራ ይውላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከመጨረሻ «ዜድ» የምትባል ፊደል ካልተደረገችለት የትኛው ሰዓት እንደሆነ እርግጠኛ አይሆንም።

ስምም አለ። ፎርሙ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይላል። አጎቴን «የመጨረሻ ስም ይፈልጋሉ» አልኳቸው።

«የመጨረሻ ስሜማ የክርስትና ስሜ ነው» አሉ። «እሱን ቄሱ ፍትሐት ላይ ይጠሩታል። አሁን ምን አስቸኮላቸው?»

የአያታቸውን ስም አስገባሁ። ስለዚህ ዋናው ቢሮ ሲደውል አያታቸውን ይጠራል፤ ሽማግሌው ደግሞ አጎቴ ልጅ ሳሉ አርፈዋል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት፣ በቆላው አጠራር ሳሉግ የሚባሉት ሠራተኞችማ አብዛኞቹ በቅጽል ስም ነው የሚጠሩት። የአባቱን ስም ስጠይቀው «ይለፈኝ» ያለኝ ወጣት ነበር። ጄሰን ለዚህ «ነል» የሚል ባዶ አለው። ነል ማለት የለውም ማለት ይሁን፣ አላውቅም ማለት ይሁን፣ አልናገርም ማለት ይሁን አይለይም። አማርኛ እነዚህን ሦስቱን በሦስት ቃል ይለያል፤ ዝም ብሎ መሬት ማየትን ከጨመርን በአራት።

ከዓመታት በኋላ፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሰው በዚያ ድልድይ ሲጎርፍና ኩመር ላይ መጠለያ ሲቆም፣ ይኸው የስም ነገር ቀልድነቱ ቀረ። አንድ መሐመድ በእኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣ በ«መ» የሚጀምረውም በ«ሙ» የሚጀምረውም አለ። ለሰው ሁሉም መሐመድ ነው። ለፕሮግራም ግን አራት ሰው ነው፣ ወይም አራት ሰው አንድ ይሆንበታል። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ስደተኛ በዓለም ዙሪያ ጃንዋሪ 1 ተብሎ መመዝገቡ የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ስንቶቹ በዚያ ቀን «መልካም ልደት» እንደሚባሉ እነሱ ያውቃሉ። ሳጥኑ ባዶ መሆን ስለማይችል ሰው ልደቱን ከሳጥኑ ይቀበላል።

የቦታ ስም ላይ ብዙ አልቆይም። የዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ሸኸዲም ትባላለች፤ አንዱ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ስለሚጽፋት በፋይል ላይ ሁለት ከተማ ሆናለች። መተማ ስትባል ደግሞ ሱዳን ውስጥ ከሸንዲ ፊት ለፊት ናይል ዳር ሌላ መተማ አለች። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ሲዋጉ የወደቁት በእኛይቱ ነው፤ ከተማዋም የእሳቸውን ስም የጨመረችው በዚሁ ነው። በፈረንጅ መጽሐፍ ዓመቱ 1889፣ ቦታው ገላባት ተብሎ ስታገኙት ሌላ ንጉሥ ሌላ ጦርነት ላይ የሞተ እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛው ቀን የአጎቴ ነው። «እኔ ራሴ ላስረዳው» ብለው አጠገቤ ተቀምጠው አስጻፉኝ፦ ይህ ሰሊጥ ነጭ ነው፣ ሁለት ጆንያ ብቻ ጤዛ ነክቶታል፣ እሱንም አድርቀነዋል፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ከኩንታሉ አጠገብ በጎን ማስታወሻ አድርጌ አስገባሁት። እምቢ። ጄሰን የጎን ማስታወሻ አይቀበልም። ድሮ ይቀበል ነበር፤ ክሮክፎርድ ነው ያስወጣው። ሰዎች በማስታወሻው ውስጥ ለአንባቢው ፕሮግራም ስውር ትእዛዝ መሸጎጥ ስለጀመሩ፣ በሁሉም ዘንድ እኩል የሚነበበው ነገር እንዳይበላሽ ብሎ። ሰውየው ጥንቁቅ ነው። ለጻፈው ፕሮግራም በሰጠው ፈቃድ ላይ «ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል» የሚል ቃል አስገብቶ የሕግ ሰዎችን ያስቸገረ ነው፤ በጎው የቱ፣ ክፉው የቱ እንደሆነ በፍርድ ቤት ማን ይተረጉማል?

«ለበጎ ከሆነማ» አሉ አጎቴ፣ «ሰሊጤን ያሳልፍልኝ።»

የአጎቴን ምስክርነት አጠፋሁት። እውነት የነበረው እሱ ነበር። ከዚያ ደክሞኝ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ቅንፉ ልክ፣ ነጥቡ የፈረንጅ፣ ቀኑ ወደ ኖቬምበር 8 ቀን 2018 የተለወጠ፣ ትርፍ ኮማ የሌለው። ላክሁት።

ጄሰን እሺ አለ።

እሺ ያለው ምኑን እንደሆነ ያወቅሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ መንገዱን አቧራ ሞልቶ ሦስት ተሳቢ ተከታትለው መጡ። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል። ሾፌሮቹ ወርደው «የ1200ው ኩንታል ባለቤት ማነው?» አሉ። አጎቴ ከኒሙ ሥር ብድግ ብለው ሾፌሮቹን አዩ፣ ተሳቢዎቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

120 ላይ አንዲት ዜሮ ጨምሬ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ነጥብ ነጥቡን እየለቀመ ያስጨነቀኝ ጄሰን፣ አንድ ሺህ ሰማንያ ኩንታል ያልታጨደ ሰሊጥ በፊቱ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየ። 1200 ቁጥር ነው፤ ቁጥር መሆኑን አየና አሳለፈው። ኩንታል ይሁን ኪሎም አይጠይቅም። ቡና በምርት ገበያ በፈረሱላ፣ 17 ኪሎ እየተባለ እንደሚሸጥ፣ ሰሊጥ ግን በኩንታል እንደሆነ የሚያውቀው ሰው እንጂ ቅንፍ አይደለም። እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ የወረቀቱን ማኅተም እያገላበጠ ያያል፣ ጆንያው ውስጥ ያለው ሰሊጥ ይሁን አሸዋ አይዳብስም።

«ጄሰን የት ነበር?» አሉ አጎቴ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

መልስ አልነበረኝም። አንዱ ተሳቢ 120ውን ጭኖ ሆዱ ጎድሎ ሄደ፤ ሁለቱ ባዶአቸውን ተመለሱ። የነዳጁ ነገር እስከ ታኅሣሥ ከደመወዜ ላይ ሲነሳ ቆየ። ሾፌሮቹን ግን አጎቴ ባዶ ሆድ አልሰደዱም፤ ፍየል ታርዶላቸው ነው የሄዱት። «እነሱ ምን አደረጉ፣ ተጻፈላቸው መጡ» አሉ።

እናንተ ደጋ ላይ ሆናችሁ እነዚህን ተቀባይ ፕሮግራሞች የምትጽፉ ልጆች፣ ጥቅምትን 30 አድርጉልን፣ ጳጉሜን አስገቡልን። ከቻላችሁ ደግሞ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ አምና 110 ያመረተ ገበሬ ዘንድሮ 1200 ሲል «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብላ የምትጠይቅ። መተማ ላይ ማንኛዋም መዛኝ ይህን ትጠይቃለች።

የጎረቤታችን ፋይል አሁንም እንዳለ ነው። ሰሊጡን ያስመዘነው እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 28 ቀን 2011 እንደሆነ ይናገራል። ስህተት ነው ብሎ የጮኸ ስላልነበረ ማንም አላረመውም።